«ኔትወርክ የለም» ሲባል ምን ጎድሏል? የራውተር ቅንብርና የአገልግሎት መቋረጥ በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ

«ኔትወርክ የለም፤ ነገ ይመለሱ» የሚለው ምላሽ በአገልግሎት መስጫ መስኮቶች ደጋግሞ ከሚሰማው አንዱ ሆኗል። ለከተማ ነዋሪ ምላሹ የአንድ ሰዓት መጉላላት ሊሆን ይችላል። በሰሜን ወሎ ዞን ሀብሩ ወረዳ ከሚገኝ የገጠር ቀበሌ ተነሥቶ ወደ መርሳ ለመጣ አርሶ አደር ግን የአንድ ቀን ሥራና የትራንስፖርት ወጪ፣ አንዳንዴም ያለፈ የጊዜ ገደብ ማለት ነው። ጉዳዩ በወረዳው የማያልቅ ሆኖ ወደ ወልድያ ከተላከም 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ያንኑ ቃል ሊሰማ ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር አንድ ነው። «ኔትወርክ የለም» የአንድ ችግር ስም አይደለም፤ የብዙ ልዩ ልዩ ችግሮች የወል መጠሪያ ነው። ከእነዚህ መካከል ከመሥሪያ ቤቱ አቅም ውጭ የሆኑ አሉ። በቢሮው ጥግ በተቀመጠ ራውተር ላይ በጥቂት ደቂቃዎች የሚስተካከሉም አሉ። ሁለቱ ሳይለዩ የተሳሳተ እርምጃ ሲወሰድ ደግሞ የደቂቃዎቹ ችግር የቀናት ይሆናል። ስለሆነም ልዩነቱን ማወቅ ለባለሙያ ብቻ የሚተው አይደለም፤ ኃላፊውም፣ መስኮት ላይ የተቀመጠው ሠራተኛም፣ ተገልጋዩም ሊያውቀው ይገባል።

አገልግሎቱ በአንድ መሣሪያ በኩል የሚያልፍ ሆኗል

በሀገራችን ወረዳዎችን ከማዕከል ጋር በመረጃ መረብ የማገናኘት ሥራ የተጀመረው በ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ፣ በወረዳ ኔት ፕሮጀክት ነው። ፋይበር ባልደረሰባቸው ወረዳዎች የሳተላይት አንቴና እየተተከለ መረቡ ለቪዲዮ ስብሰባ፣ ለሥልጠናና ለመረጃ ልውውጥ አገልግሏል። በዚያ ዘመን መረቡ ሲቋረጥ የሚስተጓጎለው በዋናነት የመሥሪያ ቤቶች የእርስ በርስ ግንኙነት ነበር። ባለጉዳዩ የሚስተናገደው በመዝገብ፣ በፋይልና በማኅተም ስለነበር መስኮቱ አይዘጋም ነበር።

ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ ሰኔ 2012 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸደቀ። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ጀመረ። በ2015 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጣ፤ ባለ 12 አኃዙ የፋይዳ ቁጥርም ደረጃ በደረጃ በባንክና በልዩ ልዩ መንግሥታዊ አገልግሎቶች የሚጠየቅ ሆነ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኦንላይን መሰጠት ጀመረ። ሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ደግሞ የተለያዩ ተቋማትን አገልግሎት በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያቀርበው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት በአዲስ አበባ ተመረቀ።

እነዚህ እርምጃዎች ለዜጋው ብዙ ምልልስ ያስቀራሉ። በአንጻሩ አዲስ ጥገኝነት ይዘው መጥተዋል። ምዝገባው፣ ክፍያው፣ የንግድ ፈቃድ እድሳቱና ፈተናው በመረብ ሲሆን፣ ሁሉም በመጨረሻ የሚያልፉት በአንድ አነስተኛ መሣሪያ በኩል ነው። ቀድሞ መዝገቡና ማኅተሙ በመጠባበቂያነት ይቀመጡ ነበር። አሁን ብዙዎቹ አገልግሎቶች የወረቀት መጠባበቂያ የላቸውም። ራውተሩ ሲቆም ሥራውም አብሮ ይቆማል።

የሰሜን ወሎ ልምድ የሚያስተምረው

የሰሜን ወሎ ነዋሪ መረብ ማጣት ምን እንደሆነ ለማወቅ ትንታኔ አያስፈልገውም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ በጦርነቱ ውስጥ በነበሩባቸው ወራት የመብራት፣ የስልክና የባንክ አገልግሎት ተቋርጦ ነበር። የወልድያ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በርካታ ተቋማት ለዝርፊያና ለውድመት ተዳርገዋል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላም የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለበርካታ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል።

እንዲህ ያለው መቋረጥ በማንኛውም የቢሮ ራውተር ላይ በሚወሰድ እርምጃ አይፈታም። ይህ በግልጽ መታወቅ አለበት፤ ምክንያቱም ከውጭ የመጣ መቋረጥን በውስጥ ለመጠገን የሚደረግ ሙከራ ደኅናውን መሣሪያ ያበላሻል። መስመሩ በተመለሰ ጊዜ ቅንብሩ ተሰርዞ የቆየ ራውተር የተመለሰውን መስመር መቀበል አይችልም።

ከዚያ ጊዜ የሚቀሰም ሁለተኛ ትምህርት አለ። መሣሪያ ሲዘረፍ ወይም ሲሰበር የሚጠፋው ዕቃው ብቻ አይደለም። በውስጡ የነበረው ቅንብር፣ ማለትም የትኛው መስመር በየትኛው በር እንደሚገባ፣ በምን አድራሻ እንደሚሠራ፣ ማን እንዲገባ እንደሚፈቀድ የሚገልጸው ዝርዝር አብሮ ይጠፋል። ዕቃው በግዥ ይተካል። ቅንብሩ ግን ሌላ ቦታ ካልተጻፈ የሚተካው ሰው በትውስታ፣ ወይም ሁሉንም እንደ አዲስ በመጠየቅ ነው።

የራውተር በሮች እንዴት ይሠራሉ?

ራውተር በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ መረቦች መካከል ቆሞ መረጃን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግር መሣሪያ ነው። ይህን የሚያደርገው ባለሙያዎች ኢንተርፌስ፣ ብዙ ሰው ደግሞ ፖርት በሚላቸው በሮች አማካይነት ነው። አንዱ በር ወደ ውጭ፣ ወደ አገልግሎት አቅራቢው መስመር ይመለከታል። ሌሎቹ ወደ ውስጥ፣ ወደ ቢሮው ኮምፒዩተሮችና ማተሚያዎች ያመራሉ። ዋይፋዩም በዓይን የማይታይ ሌላ በር ነው።

አንድ በር ሥራውን እንዲሠራ ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው። አንደኛ፣ ገመዱ ወይም የፋይበር መስመሩ በአካል ደርሶ በሚገባ መሰካት አለበት። ሁለተኛ፣ በሩ በትእዛዝ ያልተዘጋ መሆን አለበት፤ የራውተር በር ገመዱ እንደተሰካ በትእዛዝ ብቻ ሊዘጋም ሊከፈትም ይችላልና። ሦስተኛ፣ በሩ ትክክለኛ የአይፒ አድራሻ፣ እንደ መስመሩ ዓይነትም ከአቅራቢው የተሰጠ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ሊኖረው ይገባል።

ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ውጤቱ በኮምፒዩተሩ ፊት ለተቀመጠው ሠራተኛ አንድ ዓይነት ነው፤ ገጹ አይከፈትም። መፍትሔው ግን ለየቅል ነው። የላላ ገመድ በእጅ ይስተካከላል፤ የተዘጋ በር በአንድ ትእዛዝ ይከፈታል፤ የተሳሳተ አድራሻ በቅንብሩ ላይ ይታረማል። በመሥሪያ ቤቶች የሚተከሉ ከፍ ያሉ ራውተሮች ሦስቱን ለይተው ያሳያሉ። ምልክቱ በአካል መድረሱን፣ ከወዲያ ማዶ ካለው መሣሪያ ጋር መግባባት መቻሉን፣ በሩ በሰው ትእዛዝ የተዘጋ ከሆነም ይህንኑ በግልጽ ይናገራሉ። ይህን አንድ ገጽ ያነበበ ባለሙያ «ኔትወርክ የለም» ከማለት ይልቅ የጎደለውን በስሙ መጥራት ይችላል።

«ሪሴት» በሚል አንድ ስም የሚጠሩ ሦስት ድርጊቶች

በየቢሮው የሚደርሰው ጉዳት በአብዛኛው የሚመነጨው ከአንድ ቃል መደበላለቅ ነው። «ሪሴት አድርገው» የሚለው ምክር ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ድርጊቶችን ሊያመለክት ይችላል።

የመጀመሪያው መሣሪያውን አጥፍቶ ማብራት ነው። ራውተሩ በማኅደረ ትውስታው የተከማቸውን ጊዜያዊ መረጃ ጥሎ፣ የተቀመጠለትን ቅንብር እንደገና አንብቦ ይነሣል። የተቀመጠው ቅንብር አይነካም። ጉዳቱ የጥቂት ደቂቃዎች መቋረጥ ብቻ ነው።

ሁለተኛው አንድን በር ብቻ ዘግቶ መክፈት ነው። ችግሩ በአንድ መስመር ላይ መሆኑ ሲታወቅ ያ በር ብቻ በትእዛዝ ይዘጋና ይከፈታል። ሌሎቹ በሮች ሥራቸውን ስለሚቀጥሉ በሌላው ክፍል የሚስተናገደው ሰው አይጉላላም። ለመሥሪያ ቤት ተመራጩ አሠራር ይህ ነው።

ሦስተኛው ወደ ፋብሪካ ቅንብር መመለስ ነው። በመሣሪያው ጀርባ ባለች ጠባብ ቀዳዳ መርፌ መሳይ ነገር አስገብቶ ለጥቂት ሰከንዶች በመጫን ይከናወናል። ይህ ድርጊት መሣሪያው ከተገዛ በኋላ የተጻፈለትን ሁሉ ይሰርዛል። የአቅራቢው የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል፣ የአይፒ አድራሻዎች፣ የዋይፋዩ ስም፣ የደኅንነት ገደቦች ሁሉ ይጠፋሉ። መብራቶቹ ቢበሩም መሣሪያው የትኛውን መሥሪያ ቤት እንደሚያገለግል አያውቅም።

በመርሳ ያለ አንድ ጽሕፈት ቤት ለአብነት እንውሰድ። መስመሩ ለአጭር ጊዜ ሲቋረጥ አንድ ሠራተኛ በቅን ልቦና ቀዳዳዋን ይጫናል። መስመሩ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይመለሳል፤ ራውተሩ ግን አይመለስም። ቅንብሩን የሚያውቀው ባለሙያ ወልድያ ወይም ደሴ ከሆነ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። ለባለጉዳዮች የሚነገረው ቃል ያው ነው፤ «ኔትወርክ የለም»። የመጀመሪያው መቋረጥ የግማሽ ሰዓት ነበር። የቀሩት ቀናት የተጨመሩት ቀዳዳዋን በመጫን ነው።

በመኖሪያ ቤትና በንግድ ቤት ምን ማድረግ ይገባል?

በቤታቸው፣ በሱቃቸው ወይም የኦንላይን አገልግሎት በሚሰጡበት ቤት መደበኛ የብሮድባንድ መስመር ያላቸው ዜጎች የሚከተለውን ቅደም ተከተል ቢጠብቁ አብዛኛውን ችግር ያለ ጉዳት መለየት ይችላሉ።

1. በቅድሚያ የአገልግሎቱ የክፍያ ጊዜ አለማለፉን ያረጋግጡ። ክፍያው ሲያልፍ የሚታየው ምልክት ከብልሽት ጋር ይመሳሰላል።

2. የመሣሪያውን መብራቶች ይመልከቱ። በፋይበር በሚሠራ መሣሪያ ላይ «ኤል ኦ ኤስ» የሚል ምልክት ያለበት መብራት ቀይ ሆኖ ከበራ ወይም ብልጭ ድርግም ካለ የብርሃን ምልክቱ ከውጭ አልደረሰም ማለት ነው። ገመዱ ታጥፎ ወይም ተነቅሎ እንደሆነ ከውጭ ይዩ፤ ካልሆነ መሣሪያውን ሳይነኩ ለአቅራቢው ያሳውቁ። የኢትዮ ቴሌኮም የደንበኞች አገልግሎት ቁጥር 994 ነው። የተነቀለ የፋይበር ጫፍን በዓይን አትኩረው አይመልከቱ፤ የሚወጣው ብርሃን ባይታይም ዓይንን ሊጎዳ ይችላል።

3. የመስመሩ መብራት ደኅና ሆኖ ኢንተርኔት ከሌለ መሣሪያውን ያጥፉ፤ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይተው ያብሩት፤ ተነሥቶ እስኪረጋጋ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይታገሡ። በየደቂቃው ማጥፋትና ማብራት ጥቅም የለውም።

4. ችግሩ በአንድ ስልክ ወይም በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ መሆኑን ይለዩ። ሌሎቹ የሚሠሩ ከሆነ ራውተሩን መንካት አያስፈልግም። ኮምፒዩተርዎ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ካሳየ ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም ማለት ነው፤ ገመዱን ወይም የዋይፋይ ግንኙነቱን እንደገና ያገናኙ።

5. ወደ ፋብሪካ ቅንብር መመለስ የመጨረሻው እርምጃ ነው። ከአቅራቢው የተሰጠዎት የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል በእጅዎ ከሌለ፣ ወይም መሣሪያውን እንደገና የሚያዋቅርልዎ ባለሙያ ካላገኙ አያድርጉት።

በአካባቢው የመብራት መቆራረጥ ሲያጋጥም መሣሪያውን ከሶኬት መንቀልና ኃይሉ ተመልሶ እስኪረጋጋ መጠበቅ ይመከራል። በድንገት ከፍ ብሎ የሚመለስ ኃይል የራውተሩን አስማሚ ያቃጥላል፤ በአስማሚ መቃጠል የሞተ ራውተርም ብዙ ጊዜ በኔትወርክ መጥፋት ስም ይጠራል።

በመሥሪያ ቤት የሚያስፈልገው ጥንቃቄ

የመሥሪያ ቤት ራውተር ከቤት ራውተር የሚለይበት አንድ ጠባይ አለ፤ ብዙ ተደጋጋሚ መቋረጥም የሚመጣው ይህን ካለማወቅ ነው። በብዙዎቹ ከፍ ያሉ ራውተሮች ውስጥ ሁለት ቅንብሮች አሉ። አንዱ አሁን በሥራ ላይ ያለው ነው። ሌላው መሣሪያው ሲነሣ የሚያነበው፣ በቋሚነት የተቀመጠው ነው። ባለሙያው መጥቶ አንድ በር ከፍቶ፣ አድራሻውን አርሞ ሥራው ሲጀመር የተለወጠው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ለውጡ በሁለተኛው ላይ እንዲቀመጥ የተለየ ትእዛዝ መስጠት ያስፈልጋል።

ይህ ትእዛዝ ከተረሳ መብራት እስካልጠፋ ድረስ ሁሉም ነገር ደኅና ይመስላል። ከሳምንት ወይም ከወር በኋላ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ራውተሩ አሮጌውን ቅንብር አንብቦ ይነሣል፤ የተከፈተው በር ተመልሶ ይዘጋል። ሠራተኛው መብራቱ መሣሪያውን አበላሸው ይላል። ባለሙያው እንደገና ይጠራል፤ እንደገና ያስተካክላል፤ ምናልባትም እንደገና ሳያስቀምጥ ይሄዳል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ የአንዲት ትእዛዝ መረሳት የወራት ምልልስ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ጥገና አለቀ ከመባሉ በፊት ኃላፊው አንድ ነገር መጠየቅ ይችላል፤ «ቅንብሩ ተቀምጧል? አጥፍተን አብርተን እንየው»። ይህን ለመጠየቅ የኮምፒዩተር ትምህርት አያስፈልግም።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ከርቀት የሚደረግ ለውጥን ይመለከታል። ወልድያ ሆኖ የመርሳን ራውተር የሚያስተካክል ባለሙያ ወደ መሣሪያው የሚደርሰው በዚያው ራውተር የውጭ በር በኩል ነው። ያንን በር ቢዘጋው ወይም አድራሻውን ቢያሳስተው፣ የሚያስከፍተውን ትእዛዝ የሚልክበት መንገድም አብሮ ይዘጋል። ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን ከውጭ እንደ መዝጋት ነው። የታወቀ መከላከያ አለው። ለውጡን ከመጀመር በፊት ራውተሩ ከ10 ደቂቃ በኋላ በራሱ ጠፍቶ እንዲበራ ይታዘዛል። ለውጡ ከተሳካ ቀጠሮው ይሰረዛል፤ ካልተሳካ ግን መሣሪያው ወደ ቀድሞው ደኅና ቅንብር ይመለሳል። ቀደም ሲል ያነሣነው የሁለት ቅንብሮች ጠባይ እዚህ ላይ መከላከያ ሆኖ ያገለግላል።

ሦስተኛው የቅንብሩን ቅጂ መያዝ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ቅጂው የሚወሰደው መሣሪያው ደኅና ሳለ ነው። ቅጂው የይለፍ ቃላትን ሊይዝ ስለሚችል በታሸገና በኃላፊነት በሚጠበቅ ቦታ ይቀመጥ፤ ከመሣሪያው ጋር በአንድ ክፍል ግን አይቀመጥ። የ2013 እና የ2014 ዓ.ም. ልምድ እንዳሳየው አንድ ቢሮ ሲጎዳ በውስጡ ያለው ሁሉ አብሮ ይጎዳል። የመርሳው ቅጂ ወልድያ፣ የወልድያው ደሴ ቢቀመጥ ወጪው ከቁጥር የማይገባ ነው። የይለፍ ቃሉም በአንድ ሰው ጭንቅላት ብቻ ሊቀር አይገባም። ሠራተኛው ሲዛወር ወይም ሲታመም መሥሪያ ቤቱ ከራሱ መሣሪያ ውጭ እንዳይሆን ቢያንስ ሁለት ኃላፊዎች ሊያውቁት ይገባል።

በመጨረሻም በየበሩና በየገመዱ ላይ ስም መለጠፍ ቀላሉና ዘወትር የሚዘነጋው ሥራ ነው። «ወደ ገቢዎች»፣ «ወደ መሬት አስተዳደር»፣ «ከቴሌ የሚመጣ» የሚል ወረቀት ያለበት ራውተር በስልክ በሚሰጥ ምክር ሊስተካከል ይችላል። ስም የሌለው ግን ባለሙያው በአካል እስኪመጣ ይጠብቃል።

ችግሩ የትናንሽ መሥሪያ ቤቶች ብቻ አይደለም

ይህ ዓይነቱ ስሕተት የአቅም ማነስ ውጤት ብቻ እንዳልሆነ በዓለም አቀፍ ደረጃ የደረሱ ሁለት መቋረጦች ያሳያሉ። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም መረብ ጠፍተው ነበር። መነሻው በጥገና ወቅት የተሰጠ አንድ ትእዛዝ የኩባንያውን የመረጃ ማዕከላት የሚያገናኘውን ዋና መረብ ማቋረጡ ነው። መሐንዲሶቹ ከርቀት መግባት ስላልቻሉ ወደ ማዕከላቱ በአካል መሄድ ነበረባቸው።

ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ በካናዳ ሮጀርስ የተባለው የቴሌኮም ኩባንያ በራውተሮች ላይ ባደረገው የቅንብር ለውጥ ምክንያት ከ12 ሚሊዮን በላይ ደንበኞቹ አገልግሎት አጥተዋል። የካርድ ክፍያ ተስተጓጉሏል፤ ለድንገተኛ አደጋ መደወል ያልቻሉ ሰዎች ነበሩ። የኩባንያው ሠራተኞች ራሳቸው ይገናኙበት የነበረው መረብ ከወደቀው ጋር አንድ ስለነበር ጥገናው ዘግይቷል።

ሁለቱም ክስተቶች የሚያስረዱት አንድ ነገር ነው። መሣሪያውን የምንጠግንበት መንገድ በዚያው መሣሪያ በኩል ብቻ የሚያልፍ ከሆነ መንገዱ ሲዘጋ ጥገናውም ይዘጋል። በወረዳ ደረጃ ሁለተኛው መንገድ ውድ መሣሪያ መሆን የለበትም፤ በቢሮው ውስጥ ስም የተለጠፈባቸውን ገመዶች እያየ በስልክ መመሪያ የሚቀበል የሠለጠነ ሰው ሊሆን ይችላል። በወልድያ ዩኒቨርሲቲና በአካባቢው ኮሌጆች በኮምፒዩተርና በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ የሚመረቁ ወጣቶች ለዚህ ቅርብ አቅም ናቸው።

የፋብሪካ ቅንብርና የደኅንነት ሥጋት

ወደ ፋብሪካ ቅንብር የተመለሰ ራውተር ከአገልግሎት መቋረጥ ሌላ ሁለተኛ አደጋ ይዞ ይመጣል። መሣሪያው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው የይለፍ ቃል ይመለስለታል፤ ይህ የይለፍ ቃል ደግሞ ለብዙ ሞዴሎች በይፋ የታወቀ ነው። በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ ሚራይ የተባለው ጎጂ ሶፍትዌር በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ራውተሮችንና ካሜራዎችን የተቆጣጠረው የተራቀቀ ስልት ተጠቅሞ አይደለም። ያልተቀየሩ የፋብሪካ የይለፍ ቃላትን ተራ በተራ በመሞከር ነበር። በእነዚህ መሣሪያዎች አማካይነት ጥቅምት 11 ቀን 2009 ዓ.ም. በተሰነዘረ ጥቃት ታላላቅ ድረ ገጾች ለሰዓታት ተስተጓጉለዋል።

ሚራይ መሣሪያው ጠፍቶ ሲበራ ይጠፋ ነበር፤ የይለፍ ቃሉ ካልተቀየረ ግን ተመልሶ ይገባል። ስለሆነም ማንኛውም ራውተር እንደ አዲስ ሲዋቀር ሦስት ነገሮች ሳይፈጸሙ ከመረብ ጋር መገናኘት የለበትም፦ የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል መቀየር፣ የዋይፋዩ የይለፍ ቃል መቀየር፣ የማይፈለግ ከሆነ ከውጭ ሆኖ መሣሪያውን ማስተዳደር የሚያስችለውን አማራጭ መዝጋት። በመሥሪያ ቤቱ መረብ የሚያልፈው የዜጎች የግል መረጃ ነው። ይህን መረጃ የሚጠብቀው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ጥበቃው ግን በተግባር የሚጀምረው ከዚህ መሣሪያ ነው።

ተገልጋዩ ምን መጠየቅ ይችላል?

መስኮት ላይ «ኔትወርክ የለም» የተባለ ዜጋ ራውተሩን ማየትም መንካትም አይጠበቅበትም። በአክብሮት ሦስት ጥያቄዎች ማቅረብ ግን ይችላል። የመጀመሪያው «የጠፋው በመሥሪያ ቤታችሁ ብቻ ነው ወይስ በከተማው ሁሉ?» የሚለው ነው። መልሱ ነገ መመለስ ይሻል ወይስ ከሰዓት በኋላ መጠበቅ ለሚለው ውሳኔ ይረዳል። ሁለተኛው «ለአቅራቢው ወይም ለባለሙያው ተነግሯል?» የሚለው ነው። ያልተነገረ ብልሽት በራሱ አይጠገንም፤ ብዙ ባለጉዳዮች ሲጠይቁም ጉዳዩ ክብደት ያገኛል። ሦስተኛው የጊዜ ገደብ ላለበት ጉዳይ ነው፤ በዕለቱ ቀርበው ያልተስተናገዱት በመረብ መቋረጥ ምክንያት መሆኑን የሚገልጽ፣ ቀን የተጻፈበትና ማኅተም ያረፈበት ወረቀት እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። መረቡ ሲቋረጥ ማኅተሙ አልተቋረጠም።

ከሩቅ የሚመጡ ተገልጋዮች ከመነሣታቸው በፊት ለቀበሌያቸው ወይም ለወረዳው ጽሕፈት ቤት በስልክ ደውለው አገልግሎቱ መኖሩን ቢያረጋግጡ ባዶ እጅ የመመለስ ዕድላቸው ይቀንሳል። ጽሕፈት ቤቶችም በበኩላቸው የመቋረጡን ምክንያትና የሚጠበቀውን የመመለሻ ጊዜ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጥፉ ከስሪንቃ ወይም ከውርጌሳ ለሚመጣው ሰው ትልቅ እፎይታ ነው።

አንድ መሥሪያ ቤት ወደ ዲጂታል አገልግሎት ተሸጋገረ የሚባለው ኮምፒዩተር ስለገባለት ብቻ ሊሆን አይገባም። መረቡ ሲቋረጥ የጎደለውን በስሙ መጥራት፣ በአቅሙ ያለውን በዕለቱ ማስተካከል፣ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ለሚመለከተው አሳውቆ ለባለጉዳዩ እውነቱን መንገር ሲችል ነው። ለዚህ የሚያስፈልጉት ነገሮች በአመዛኙ ወጪ የሚጠይቁ አይደሉም፤ የተቀመጠ ቅንብር፣ በሌላ ቦታ ያለ ቅጂ፣ ስም የተለጠፈበት ገመድና ቀዳዳዋን ከመጫኑ በፊት የሚጠይቅ ሠራተኛ ናቸው።